ልብሱስ አለ፣ መካሪው ነው የጠፋው

የተቃራኒ ጾታን ልብስ መልበስ የሚወድ ሰው የሚቸገረው ልብስ በማጣት ይመስላል። አይደለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በፉሪም ሆነ በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ ቀሚስና ሱሪ ሞልቷል። ቡቲኩ መንገድ ዳር ተደርድሯል፤ ሰልቫጁ ሸራ ላይ ተዘርግቷል፤ ልብስ ሰፊው መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ እግር ያሳጥራል፣ ወገብ ያጠባል። በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ለጀርመን ገበያ የጥጥ ልብስ ያመርት የነበረው አይካ አዲስ ፋብሪካም የሚገኘው እዚያው አካባቢ፣ ዓለም ገና ነው። የሚታጣው «ይሄ ይሆንሃል፣ ያኛው ይቅርብህ» የሚል ሰው ነው። ተሻግሮ የሚለብስ ሰው አለባበሱ ሳያምርለት ሲቀር ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሰውነቱ ሳይሆን የመካሪ እጦቱ ነው። ለዚህ የሚበቃው ዕውቀት ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ በልብስ ሰፊው እጅና በአገሩ የአለባበስ ልማድ ውስጥ አለ።

እንዲህ የሚለብሱ ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ አልፎ አልፎ በሩን ቆልፎ ቀሚስ ይለብሳል፤ ሌላዋ ከሰኞ እስከ ዓርብ የወንድ ሸሚዝና ሱሪ ለብሳ ሥራ ትውላለች፤ ሌላው ለመድረክ ብሎ ይለብሳል። ባለትዳር አለ፣ ላጤም አለ። ልብሱ ለባሹ ማንን እንደሚያፈቅር አይናገርም፤ ሁለቱን ማደባለቅ ግን የተለመደ ነው፣ ብዙ ሰውም በዚሁ ይፈራል።

በደጋው ኢትዮጵያ የወንድና የሴት ልብስ ድንበር ከጥንትም ጨርቁ ላይ ብቻ አልነበረም። ነጠላውም፣ ኩታውም፣ ጋቢውም ከአንድ ጥጥ ተፈትለው ከአንድ ሸማኔ ጉድጓድ የሚወጡ ናቸው። ትርጉሙ ያለው አጣፋፉ ላይ ነው። ጥለቱ ወደ ላይ ተገልብጦ አንገት ሥር ሲውል ሐዘን ነው፤ በሁለቱ ትከሻ ተመሳቅሎ ሲጣፋ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ድሮ በጌታ ፊት የሚቆም ሰው ትከሻውን ገልጦ ወገቡ ላይ ያሸርጠው ነበር። ጌጥም ቢሆን ዛሬ እንደሚታሰበው ለሴት ብቻ የተተወ አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ተሠርተው ነው የኖሩት፤ ዝሆን የጣለ አዳኝም ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ማድረግ ክብሩ ነበር። በሐረር ደግሞ ሴቶች ከቀሚሳቸው ሥር ጠበብ ያለ ሱሪ ይለብሳሉ፤ ያንን ሱሪ የወንድ ነው ያላቸው የለም።

ድንበሩን ጨርቁ ላይ ያጠበቀው ስፌት የገባበት የከተማ ልብስ ነው። ኮትና ሱሪ፣ ጉርድና ቀሚስ ተቆርጠው ሲመጡ የማን እንደሆኑ አብሮ ተወሰነ፤ ጠቡም አብሮ መጣ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ተማሪዎች የባዕድ ባህል ነው ብለው ተቃወሙት፤ እንቁላል እስከ መወርወር ተደርሶ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በዚያ ዘመን የሴት ልብስ ርዝመት የፖለቲካ ጉዳይ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲዘምቱ ሴቱም ወንዱም ካኪ ለበሰ። ዛሬ ሱሪ የለበሰች ሴት ሰበታ ገበያ ውስጥ ብታልፍ ዞሮ የሚያያት የለም። በኦሪት ዘዳግም 22፥5 ያለው የተቃራኒ ጾታን ልብስ የመልበስ ክልከላ የሚነሣባት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስትገባ ነው፤ እዚያም ብዙዎች ነጠላና ጉርድ ደርበው ያልፉታል። ሴት ወደ ወንድ ልብስ የተሻገረችበት መንገድ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተለመደ፤ የወንዱ መንገድ ግን ገና ተዘግቶ ያለ ነው። በሌላውም ዓለም ቢሆን ሩቅ ታሪክ አይደለም፦ ፓሪስ ውስጥ ሴት ሱሪ ለመልበስ የፖሊስ ፈቃድ ታውጣ የሚለው እ.ኤ.አ. የ1800 ደንብ ዋጋ ቢስ መሆኑ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

ተሻግሮ መልበስ ራሱስ ለአገሩ እንግዳ ነው? ስንክሳር የሚያነብ ሰው እንዲህ አይልም። ነሐሴ 15 የምትታሰበው ቅድስት እንባ መሪና የወንድ ልብስ ለብሳ በወንዶች ገዳም የኖረች መነኩሲት ናት፤ የንጉሥ ዘይኑን ልጅ የኢላርያን ተመሳሳይ ታሪክም ምእመናን ያውቁታል። እነዚህ ለቅድስና የተሻገሩ ናቸው፣ ለውበት አይደለም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ብዙ ማስረጃ መጫን ተገቢ አይሆንም። ይበልጥ የሚቀርበው በደቡብ ኦሞ የማሌ ሕዝብ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ዶናልድ ዶንሃም በ1960ዎቹ መጨረሻ ማሌ ውስጥ ሲያጠና «አሽቲሜ» የሚባሉ ሰዎች እንደነበሩ መዝግቧል፦ ወንድ ሆነው የተወለዱ፣ የሴት ልብስ የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ። በቀድሞው ዘመን የማሌ ነገሥታት ሰብስበው ያስጠጓቸው ነበር። አሽቲሜ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ቦታ ነበረው፣ ሥራም ነበረው፤ እንዲህ ቦታ የተሰጠው ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚለበስ የሚያሳየው አያጣም።

ቴያትር ቤትም እንዲሁ ነው። ሴቶች መድረክ ላይ መውጣት እንደ ነውር ይታይ በነበረበት ዘመን በኢትዮጵያ ቴያትር የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ እነ አስናቀች ወርቁ መጥተው ነው የቀየሩት። ያን ጊዜ ሴት ሆኖ የሚጫወተው ወንድ ቀሚሱን ብቻውን መስተዋት ፊት ቆሞ አልመረጠም። አዘጋጅ ነበረው፣ ባልደረባ ነበረው፣ «ነጠላህን ሳብ አድርገው፣ አረማመድህ አላማረም» የሚለው ነበረው። ከአዳራሹም የሚመጣ ሳቅ ያርመው ነበር።

ይህ የመካሪ ነገር ለማንኛውም ለባሽ እውነት ነው። ኢትዮጵያዊ ልብስ ብቻውን አይገዛም። ለሠርግ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ገበያ የሚኬደው ከእህት፣ ከጓደኛ፣ ከአክስት ጋር ነው፤ አንዷ ጥለቱን ትመርጣለች፣ አንዷ ዋጋ ትከራከራለች፣ አንዷ «አወፍሮሻል» ትላለች። ሴት ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ትምህርት ቤት ታልፋለች፤ ሃያ ዓመት ሲሞላት ምን እንደሚያምርባት በብዙ ስሕተትና በብዙ ወሬ ተምራለች። ቀሚስ የሚወድ ወንድ ይህን ሁሉ ዓመት አላየም። በአርባ ዓመቱ ሲጀምር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የምትሠራውን ስሕተት ይሠራል፦ ቀሚሱ ያጥራል፣ ያብለጨልጫል፣ የጫማው ተረከዝ ይረዝማል። ሰው አይቶ ይህ ሰው ማማር አያውቅበትም ይላል። ነገር ግን ይህ የጀማሪ ስሕተት ነው፤ ሌላው ጀማሪ የሚታረመው ሰው ፊት ስለሚለብስ ነው።

ሰው ፊት የማይለበስበት ምክንያትም ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 629 እስከ 631 የሚቀጣው የተመሳሳይ ጾታ ወሲባዊ ድርጊትን ነው፤ እነዚህ አንቀጾች ስለ አለባበስ አይናገሩም። መንገድ ላይ ያለው ፍርድ ግን እንደ ሕጉ አይለይም፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ የተመሳሳይ ጾታ ድርጊት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መጀመሩን ካስታወቀ ወዲህ ፍርሃቱ ብሷል። ለፉሪ ነዋሪ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ዛሬ የሸገር ከተማ ክፍለ ከተማ የሆነችው ፉሪ ተከራይ የሚበዛባት ናት፤ ብዙው ሰው የሚኖረው ግቢ ውስጥ ነው። በር አንድ ነው፣ ውኃ አንድ ነው፣ ልብስ ማስጫው ገመድም አንድ ነው። ቀሚስ በድብቅ ሊገዛ፣ በድብቅ ሊለበስ ይችላል፤ ታጥቦ ገመድ ላይ ሲሰጣ ግን ከአከራይዋ ጀምሮ ሁሉም ይቆጥረዋል። ስለዚህ እዚህ ላይ የመጀመሪያው ምክር ስለ ውበት ሳይሆን ስለ ጨርቅ ነው፦ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተሰጥቶ በአንድ ሌሊት የሚደርቅ፣ ካውያ የማይፈልግ ስስ ጨርቅ መምረጥ።

መካሪ ሲገኝ ምን እንደሚለወጥ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ አሜሪካ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ በኒው ዮርክ ግዛት ካትስኪል ተራሮች «ካሳ ሱዛና» የሚባል የእረፍት ቤት ነበር። ባለቤቶቹ ሱዛና ቫለንቲ በሚል ስም ቀሚስ የሚለብስ ሰውና ሚስቱ ማሪ ነበሩ፤ ማሪ ማንሃተን ውስጥ የዊግ ሱቅ ነበራት። እንግዶቹ ቅዳሜና እሑድ መጥተው ተሻግረው ይለብሱ ነበር። በዚያ የተነሡት ፎቶግራፎች ከብዙ ዘመን በኋላ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ተገኝተው በ2005 በመጽሐፍ ታትመዋል። ፎቶዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች የሚያስገርሙት ተራ በመሆናቸው ነው፦ ሻይ የሚጠጡ፣ ካርታ የሚጫወቱ፣ እንደ ዕድሜያቸው የለበሱ የቤት እመቤቶች ይመስላሉ። ምስጢሩ የማሪ ዓይን ነው ማለት ይቻላል። ዊግ የምታውቅ ሴት ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ነበር፤ ሱዛናም ቨርጂኒያ ፕሪንስ በ1960 ባቋቋመችው «ትራንስቬስቲያ» መጽሔት ላይ ዓምድ ነበራት፣ ምክር ትጽፍ ነበር።

ምክሩ ራሱ ከትከሻ ይጀምራል። የወንድ ትከሻ አብዛኛውን ጊዜ ከዳሌው ይሰፋል፤ ከሱቅ የሚገዛ ቀሚስ ደግሞ በተቃራኒው ታስቦ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ ደረት ላይ ይጨንቃል፣ ዳሌ ላይ ይንሳፈፋል። ጀማሪው ወገቡን ለክቶ ይገዛና ክንዱን ማንሣት ያቅተዋል። ትክክሉ በትከሻ ልክ ገዝቶ ወገቡን ማስጠበብ ነው፤ ማጥበብ ለማንኛውም ልብስ ሰፊ ቀላል ሥራ ነው፣ ጠባብ ትከሻን ማስፋት ግን አይሆንም፤ ከስፌቱ ውስጥ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ የለምና። ትከሻው ላይ ሽብሽብ ያለው እጅጌና ከትከሻ ትከሻ የተዘረጋ አንገት መተው አለበት፤ ወደ ደረት ሾል ብሎ የሚወርድ አንገትና ከወገብ በታች ሰፋ እያለ የሚሄድ ጉርድ ሚዛኑን ይመልሳል።

ቀጥሎ ወገብ ነው። ሱሪ የለመደ ሰው ወገቡን የሚቆጥረው ቀበቶው ከሚያርፍበት፣ ከእምብርቱ በታች ነው። የቀሚስ ወገብ ግን መቀነት የሚታሰርበት ነው፤ ከጎድን አጥንት ሥር፣ ከእምብርት ከፍ ብሎ። ይህችን የአራት ጣት ልዩነት የማያውቅ ሰው ውድ ቀሚስ ለብሶም ልብሱ የወረደበት ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ አንጻር የሐበሻ ቀሚስ ለጀማሪ የተሠራ ይመስላል። በልክ ይሰፋል። ጥለቱ ከአንገት እስከ ታች በመሃል ሲወርድ ዓይንን ወደ ታች ይስባል፣ ትከሻን ያስረሳል። ነጠላው ትከሻና ጉሮሮ ይሸፍናል፤ ሻሹ የዊግን ችግር፣ ማለትም ግንባር ላይ የሚታየውን የፀጉር መስመር፣ ከነጭራሹ ያስቀራል። የማድረቂያ ችግር ለሌለበት ሰው ጨርቁ ፈትል ቢሆን ይመረጣል፤ ሰውነት ላይ ከሚለጠፈው ስስ ጨርቅ ይልቅ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ጫማ አስቸጋሪ ነው። ቡቲክ ውስጥ የሴት ጫማ ብዙውን ጊዜ 40 ቁጥር ላይ ያበቃል፤ የወንዱ እግር 42 ወይም 43 ነው። የሚሻለው በልክ የሚሠራ ጫማ ሰፊ ጋ ሄዶ ዝቅ ያለ፣ ወፍራም ተረከዝ ያለው ማሠራት ነው። በቴሌግራም የሚሸጥ ልብስ ላይ ደግሞ ቁጥርን ማመን አይገባም፤ የቱርኩና የቻይናው 42 አንድ አይደሉም፤ የልብሱን ደረትና ትከሻ በሴንቲሜትር ሻጩን ማስለካት ይሻላል።

ወደ ወንድ ልብስ ለምትሻገረው ሴት ነገሩ ይቀላል፣ ግን አያልቅም። የወንድ ሱሪ ዳሌዋ ላይ ኪሱን ይከፍታል፤ ኮቱ ትከሻዋ ላይ ይወድቃል። የሴት ሸሚዝ ቁልፉ በግራ ነው፣ የወንድ በቀኝ፤ ማንም አያየውም ተብሎ የሚታለፍ፣ ልብስ ሰፊ ግን ከሩቅ የሚለየው ነገር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚኮረጀው ከማስታወቂያ ሳይሆን ከታክሲ ሰልፍ መሆን አለበት። የአርባ አምስት ዓመት ሰው ማየት ያለበት የአርባ አምስት ዓመት ሴቶች በሰፈሩ ምን እንደሚለብሱ ነው፤ የጉርዳቸውን ርዝመት፣ የቦርሳቸውን መጠን፣ ቀለማቸው ስንት እንደሆነ። በቀን ብርሃን በስልክ የተነሣ፣ በማግሥቱ ረጋ ብሎ የታየ ፎቶም ከመስተዋት ይሻላል፤ መስተዋት ፊት የቆመ ሰው ያኔ ደስ ብሎታልና አይፈርድም። ቢሆንም ፎቶ «አይሆንህም» አይልም፤ ያንን የሚል ሰው ነው።

ይህ ሰው ደግሞ በየመንደሩ አለ፦ ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ልብስ ሰፊ። ከእርሱ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ ለክቶ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ «ለማን ነው?» ብሎ አይጠይቅ፤ የማይሆነውን አይሆንም ይበል፤ ያየውን ለጎረቤት አያውራ።