ፊደላችንን ያገደው የቺፕ ጥበት አይደለም

የደም ስኳር መለኪያ፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ፣ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፤ እነዚህ ትንንሽ መሣሪያዎች በሕይወታችን ውስጥ በየዕለቱ ይገባሉ። መልእክታቸው ግን ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ የማያነብ ሕመምተኛ መለኪያው ምን እንዳስጠነቀቀው ለማወቅ ሌላ ሰው መጥራት ይኖርበታል። ለምን በአማርኛ አልተሠራም ሲባል ከሚሰጡት መልሶች አንዱ «ፊደሉ ብዙ ነው፤ ሜሞሪው አይበቃውም» የሚል ነው። በእኔ እምነት ይህ ምክንያት ሳይሆን ሰበብ ነው።

ሒሳቡን እናስላው። ብዙ ተማሪዎች የሚለማመዱበት አርዱዪኖ ኡኖ፣ በቀድሞው ዓይነቱ፣ የማይክሮኮንትሮለሩ የፕሮግራም ማከማቻ 32 ኪሎባይት ብቻ ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለግዕዝ ፊደል የመደበው ዋና ክፍል ደግሞ 384 ቦታዎች አሉት። ዓይናቸው ለደከመ አዛውንት እንዲነበብ እያንዳንዱን ፊደል በወርድም በቁመትም በ32 ነጥብ ብንስለው 128 ባይት ይፈጃል። 384 በ128 ሲባዛ 49,152 ባይት ይሆናል። በእርግጥም ይህ በማይክሮኮንትሮለሩ ውስጥ አይገባም። ሆኖም ማይክሮኮንትሮለሩ ሁሉንም ነገር በራሱ ሆድ ውስጥ እንዲይዝ ማንም አላስገደደውም።

24ኤልሲ512 የተባለው የሜሞሪ ቺፕ 65,536 ባይት ይይዛል፤ ዋጋውም ከጥቂት ዶላር አይበልጥም። ከኃይል መስመሮቹ ሌላ ከማይክሮኮንትሮለሩ ጋር የሚነጋገረው በሁለት ሽቦዎች ነው፤ አንደኛው መረጃውን፣ ሁለተኛው የሰዓቱን ምት ያስተላልፋል። በእነዚሁ ሁለት ሽቦዎች ላይ እስከ 8 ተመሳሳይ ቺፖች መደርደር ይቻላል። የቺፑ አንድ የመጻፊያ ገጽ ስፋቱ በትክክል 128 ባይት ነው፤ ስለዚህ አንድ ፊደል አንድ ገጽ ይሞላል። «ሀ» በአድራሻ 0 ቢቀመጥ፣ በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ከእርሱ 8 ቦታ የሚርቀው «ለ» በ1,024 ይገኛል። ፊደሎቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ 16,384 ባይት ለቁጥሮችና ለመልእክቶች ይተርፋል።

ሥራው ጥንቃቄ አይፈልግም ማለት ግን አይደለም። ሁለቱን ሽቦዎች ወደ ላይ የሚስቡ ሬዚስተሮች ከተረሱ ግንኙነቱ አይሠራም። አንድ ገጽ ከተጻፈ በኋላ እስከ 5 ሚሊሰከንድ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጽሑፉ ከገጹ ወሰን ካለፈም ትርፉ ወደ ገጹ መጀመሪያ ተመልሶ የነበረውን ይደመስሳል። እነዚህ ግን ትጉህ ተማሪ በአንድ ሳምንት የሚለምዳቸው ናቸው።

«ትልቅ ማይክሮኮንትሮለር መግዛት አይሻልም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ አዳዲስ ቺፖችም የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ራዝበሪ ፓይ ፒኮ ፕሮግራሙን የሚያስቀምጠው ከማይክሮኮንትሮለሩ ውጭ በተሰካ 2 ሜጋባይት ሜሞሪ ላይ ነው። ሜሞሪን ከውጭ ማገናኘት የድሃ መሣሪያ ብልሃት ብቻ አይደለም።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? ከምጽፍበት ከቤልቪው ጎረቤት፣ ሬድመንድ የሚገኘው ማይክሮሶፍት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተሰኘውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ አካትቷል። የትልቁ ኮምፒዩተር ጥያቄ የተመለሰው እንዲህ ሰዎች ፊደሉን ቁም ነገር ብለው ስለሠሩበት ነው። ለትንንሾቹም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያሉ በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ቅርጾች በእጃችን አሉ። በዚህ አካባቢ በቴክኖሎጂ ሙያ የተሰማሩ ወገኖቻችን እነዚህን መነሻ አድርገው ለትንሽ ስክሪን የተዘጋጀ የፊደል ፋይልና የማገናኛ ፕሮግራም በጋራ ቢያዘጋጁ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ ያለ ተማሪ ከዜሮ አይጀምርም።

አንድ ሰው ስለ ገዛ ጤናው የተጻፈውን በሚያውቀው ፊደል ማንበብ መብቱ ነው። ይህን መብት ለማክበር የሚያስፈልገው ቺፕ ከጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ የቀረው የእኛ ፈቃድ ነው።