የግምጃ ቤት መዝገብ ለማን ይጠቅማል?

ባለፈው ወር በክፍላችን በተደረገው ክርክር አንድ ወንድማችን ተነሥቶ፣ በታላላቅ ኩባንያዎቻችን ዕቃ የሚጠፋውና የሚባክነው ዘመናዊ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስለ ሌላቸው ነው፤ ፕሮግራሙ የተገዛ ዕለት ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል ሲል ብዙ ጭብጨባ ተቸረው። እኛ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ነበር፤ አላጨበጨብንም። ያን ዕለት ለመናገር ተራ ስላልደረሰን፣ ምክንያታችንን ዛሬ በዚህ ገጽ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን እናቀርባለን። ወንድማችን ቅር ቢለው በሚቀጥለው እትም መልሱን ይጻፍ፤ ገጹ የሁላችንም ነው።

በክረምቱ ወራት ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ ትልቅ ኩባንያ ተልከን ነበር። ስሙን አንጠራም፤ የማንጠራውም ፈርተን አይደለም፤ ምክንያቱን አንባቢ ወደ መጨረሻው ይረዳዋል። በዚያ ኩባንያ ፋብሪካ ውስጥ የአንድ ፓምፕ «ሲል» ተበላሸ። መካኒኮቹ ሲል የሚሉት፣ የፓምፑ ዘንግ በሚዞርበት በኩል ውሃ እንዳያመልጥ የሚከለክል፣ በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ የጎማና የብረት ቀለበት ነው። ጥያቄው ወደ ግምጃ ቤት ወረደ። ካርዱ ዜሮ ይላል። ለግዥ ክፍል ደብዳቤ ተጻፈ፤ ግዥ ክፍልም ሦስት ፕሮፎርማ ለመሰብሰብ ተነሣ። ፋብሪካው አሥራ አንድ ቀን ቆመ። ቋሚው ሠራተኛ ደመወዙ እየታሰበለት ጥላ ሥር ተቀመጠ። የቀን ሠራተኛው ግን በሦስተኛው ቀን «ማሽኑ ሲነሣ ትጠራላችሁ» ተብሎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሄደ። ከእነዚህም መካከል በየጠዋቱ ከበሩ ላይ እየመጡ «ዛሬስ?» የሚሉ እናቶች ነበሩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሲሉ ተገኘ። የተገኘውም ከዚያው ከግምጃ ቤት፣ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ከአሮጌ ጆንያ ሥር ነበር። ያውም አንድ ሳይሆን ሦስት።

ይህን የሚሰማ ሁሉ ወዲያው ጣቱን በግምጃ ቤት ጠባቂው ላይ ይቀስራል። እኛም ቀስረን ነበር። «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ሲውል እያዩ እንዴት ዝም አሉ?» አልናቸው። ሰውየው ዕድሜያቸው ከአባቶቻችን ይበልጣል። «ልጆቼ» አሉን፣ «ከአራት ዓመት በፊት በቆጠራ ሁለት ኩሽኔታ ጎድሎብኝ ስምንት ወር ሙሉ ከደመወዜ ተቆርጦብኛል። ማን እንደ ወሰደው ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ መካኒክ አትርፎ የመለሰልኝን ሁሉ ሳልመዘግብ ለክፉ ቀን አኖራለሁ። ያኔ ሲሉን ባወጣው ኖሮ፣ ከየት አመጣኸው ሊሉኝ ነው።» እባብ ያየ በልጥ በረየ። በካርድ ላይ የሌለ ዕቃ ማውጣት በእሳቸው ዘንድ ወንጀልን በገዛ እጅ እንደ መፈረም ነው።

እንግዲህ እንጠይቅ። እኒህን ሰው ዕቃ ደባቂ ያደረጋቸው የኮምፒዩተር እጦት ነውን? ኮምፒዩተር ቢኖርስ ምን ይል ነበር? ዜሮ ይል ነበር። ካርዱ በእጅ ሲገለጥ አምስት ደቂቃ የፈጀውን ዜሮ በአንድ ሰከንድ ይነግረን ነበር፤ ትርፋችን ይኸው ነው።

የኛ ነገር ይህ ነው፤ የግምጃ ቤት መዝገባችን የተሠራው ሌባን ለመያዝ እንጂ ሥራ እንዳይቆም ለመጠበቅ አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ይገባል፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል፤ ተረካቢው ይፈርማል፤ ጠባቂው በዋስ ይቀጠራል፤ ሰኔ 30 ሲደርስ በሩ ታሽጎ ቆጠራ ይጀመራል። ከዚህ ሁሉ ፎርም ውስጥ «ይህ ዕቃ ቢጠፋ ማን ይከፍላል?» የሚለው ጥያቄ በየመሥመሩ አለ። «ይህ ዕቃ ቢጠፋ ምን ይቆማል?» የሚለው ግን በአንዱም ላይ የለም። አንድ ደርዘን መጥረጊያና አንድ የፓምፕ ሲል በአንድ ዐይነት ካርድ፣ በአንድ ዐይነት ቀለም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ይቆጠራሉ። መጥረጊያው ቢጎድል በኮባ ቅጠል እንጠርጋለን። ሲሉ ቢጎድል መንደር ጦሙን ያድራል።

በክፍል ውስጥ የምንማረውም ቢሆን ከዚህ ጉድለት የጸዳ አይደለም። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፎርድ ዲኪ እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ጽሑፍ ዕቃን በ«ኤ፣ ቢ፣ ሲ» መክፈልን አስተማረ፤ ብዙ ገንዘብ የያዙትን ጥቂት ዕቃዎች በብርቱ ጠብቅ፣ ርካሹን ብዙ ዕቃ በቀላሉ ያዝ ነው ነገሩ። ለገንዘብ ያዥ መልካም ትምህርት ነው። ነገር ግን በዚህ ሚዛን ያ ሲል ከርካሾቹ ተርታ «ሲ» ውስጥ ይወድቃል፤ የሥራ አስኪያጁ መኪና ጎማም ከእሱ በላይ ይከበራል! ስለዚህ ነው ሌሎች ሊቃውንት ሌላ አከፋፈል የጨመሩበት፤ ያለ እሱ ሥራ የሚቆምበት፣ ያለ እሱ ሥራ የሚጎዳበት፣ ቢኖር ጥሩ የሚባልለት። በሐኪም ቤት መድኃኒት ቤቶች ይህ አከፋፈል የታወቀ ነው፤ ሕይወት አድን የሆነውን መድኃኒት ዋጋው ረከሰ ብሎ ችላ የሚል ፋርማሲስት የለም። ማሽን ግን ስለማይጮኽ ነው መሰለን፣ በፋብሪካ ይህ ልማድ አልገባም።

የውጭ አገር ምሳሌ ካልተጠቀሰ ለማያምነው ወንድማችን ሁለት እንጥቀስለት።

ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ካናዳ ገብቶ 133 መደብሮችን ከፈተ። ፕሮግራሙ ዘመናዊ ነበር፤ ገንዘቡም አልጎደለውም። ነገር ግን የዕቃዎቹ መረጃ በጥድፊያ፣ ልምድ በሌላቸው ወጣቶች እጅ ተመዘገበ፤ ኢንችና ሴንቲሜትር ተደባለቀ፤ የዕቃው ቁመት በወርዱ ቦታ ገባ። ከዚያ የሆነው መጋዘኑ ሞልቶ እየፈሰሰ የመደብሩ መደርደሪያ ባዶ መሆን ነው። በጥር 2015 ኩባንያው ከካናዳ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ወደ 17,600 የሚሆኑ ሠራተኞችም እንጀራቸውን አጡ። ሐሰት የተጻፈበት ካርድ በመብራት ስለተጻፈ እውነት አይሆንም።

ሁለተኛው ቶዮታ ነው። ቶዮታ ዕቃ አከማችቶ አለማስቀመጥን ለዓለም ያስተማረ ኩባንያ እንደ ሆነ ሁላችንም ተምረናል፤ አንዳንዶቻችን ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን አላነበብንም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 በጃፓን የመሬት መንቀጥቀጡና የባሕር ማዕበሉ በደረሰ ጊዜ፣ ቶዮታ ከጃፓን ውጭ ያለው ምርቱ ወደ ደንቡ እስኪመለስ ስድስት ወር ያህል ፈጀበት። ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? ሁሉን አከማቹ አላለም። ጉዳት የደረሰባቸውን 1,200 ያህል መለዋወጫዎችና ጥሬ ዕቃዎች መርምሮ፣ ከእነርሱ 500ውን «እነዚህ ከጎደሉ እንቆማለን» ብሎ ለያቸው፤ የቺፕ አቅራቢዎቹም ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ እንዲያስቀምጡ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ የቺፕ እጥረት ዓለምን ሲመታ ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ቮልክስዋገን ምርታቸውን ሲቀንሱ ቶዮታ ለወራት ሥራውን ቀጠለ። በመስከረም ግን እሱም ከዕቅዱ 40 በመቶ ቀንሷል፤ ይህን የምንጨምረው ተአምር የለም ለማለት ነው። ቢሆንም ያ ጊዜ በገንዘብ የሚገዛ አይደለም፤ የተገኘውም የትኛው ዕቃ እንደሚያቆም አስቀድሞ በማወቅ ነው።

ቶዮታ መለዋወጫውን ከጎረቤት መንደር ያመጣል። የኛ ፋብሪካ መለዋወጫ ግን የባንክ ፈቃድ አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በጅቡቲ ወደብ ወርዶ፣ ጉምሩክ ገብቶ ነው የሚደርሰው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ስለዚህ ጆንያ ሥር የተረሳው ሲል በተኛበት ዋጋው ጨመረ፤ በምትኩ የሚገዛውም እንዲሁ። ዕቃው የሚዘገይበት አገር ዕቃውን አብልጦ ማወቅ ሲገባው እኛ አሳንሰን እናውቃለን።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። አንድ ሲል በሁለት ወር አንድ ጊዜ የሚበላሽ ከሆነና አዲሱ ከታዘዘበት እስኪደርስ ሰባት ወር ከፈጀ፣ እስኪመጣ ድረስ አራት እንፈልጋለን፤ ለመዘግየትም ሁለት እንጨምር። እንግዲህ ስድስት ሲቀር ማዘዝ ነው። ይህን ለማስላት እርሳስ ይበቃል። ነገር ግን በሁለት ወር አንድ ጊዜ እንደሚበላሽ ማን ያውቃል? መካኒኩ ያውቃል። ሰባት ወር እንደሚፈጅ ማን ያውቃል? የግዥ ክፍል ያውቃል። ስንት እንደቀረ ማን ያውቃል? የግምጃ ቤቱ ጠባቂ ያውቃል፤ ግን ይፈራል። ሦስቱ ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ እየዋሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አያውቁም።

«ሌብነት የለም ልትሉን ነው?» የሚል አይጠፋም። አለ እንጂ! «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባልበት አገር ልጆች ነን፤ አልተታለልንም። ነገር ግን ትልቁ ሌባ ካርድ አይፈራም። የሚያስፈርመው አያጣም፤ ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነው። በሰኔ ቆጠራ የሚያዘው ሁለት ኩሽኔታ የጎደለበት ነው። ዓመቱን ሙሉ በሩን ዘግቶ ሳያይ ከርሞ በሰኔ የሚደነግጥ ኮሚቴ፣ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ምሕረት ይታወጅ። አንድ ወር ተሰጥቶ፣ በየጆንያው ሥር ያለ ትርፍ ዕቃ ሁሉ ከየት መጣ ሳይባል በካርድ ላይ ይግባ። ብዙ ሹማምንት ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ እኛ ግን ፕሮግራም ከመግዛት በፊት ይህ ካልተደረገ የተገዛው ሁሉ ከንቱ ነው እንላለን። ከዚያ መካኒኮቹ ተሰብስበው፣ ከጎደለ ሥራ የሚያቆመውን ዕቃ በስሙ ይንገሩ፤ ከሺዎቹ መካከል ሁለት ወይም ሦስት መቶ ቢሆን ነው። ለእነዚህ ቀይ ካርድ ይሰጥ፤ ቆጠራቸውም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂቱን እየተዘዋወረ ይሁን እንጂ ሰኔን አይጠብቅ። ስማቸውም አንድ ይሁን፤ እኛ ባየነው ግምጃ ቤት አንዱ ኩሽኔታ በአማርኛ፣ በጣሊያንኛና በፋብሪካው ቁጥር ሦስት ካርድ ነበረው፤ በአንዱ ካርድ ላይ ዜሮ፣ በሌላው አምስት።

ጉድለትም ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ጎደለ?» ይሁን። ጉድለቱን ራሱ አስቀድሞ የተናገረ ጠባቂና ጉድለቱን የሸሸገ ጠባቂ ዛሬ እኩል ይቀጣሉ፤ ታዲያ ማን ሞኝ ነው የሚናገረው? የጠባቂው ደረጃና ደመወዝም ይታይ። በሚሊዮን የሚቆጠር ንብረት አስረክበነው ከዘበኛ ትንሽ ከፍ ያለ ክፍያ የምንሰጠውን ሰው፣ ስለ ንብረት አያያዝ ሥልጠና ሰጥተነው እናውቃለን? በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ወረቀቱ ያልተሟላ መለዋወጫ ምንም ቢያምር አይገጠምም፤ ግምጃ ቤት ጠባቂውም የሠለጠነና «አይሆንም» ለማለት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ይህ በምድር ለሚሠራ ፋብሪካ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም።

ለመምህራኖቻችንም፣ በአክብሮት፣ አንድ ቅሬታ አለን። የእቃ ትዕዛዝ መጠን ቀመርን፣ ሐሪስ እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጣውን፣ በሦስት ኮርስ ተምረነዋል። በሦስቱም ፍላጎቱ ታውቆ ተሰጠን፤ ዋጋው ታውቆ ተሰጠን፤ በግምጃ ቤት ያለው መጠንም ታውቆ ተሰጠን። ዘይት የነካው፣ የተሰረዘና የተደለዘ ካርድ ተሰጥቶን «እውነቱን ፈልጉ» የተባልንበት ፈተና የለም። ወደ ሥራ ስንወጣ የሚጠብቀን ግን እሱ ነው።

ስሙን ያልጠራንበትን ምክንያት እንናገር ብለናል። ሲሉ የተገኘ ዕለት ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ «አንድ ፍሬ ከመደርደሪያ ጀርባ ወድቆ ተገኘ» ይላል። ከፈረሙት ምስክሮች መካከል እኛም አለን። ሁለቱ የት እንዳሉ ግን የምናውቀው እኛና እኒያ ሽማግሌ ብቻ ነን። የኩባንያውን ስም ብንጽፍ ነገ የሚጠየቁት ዕቃው እንዲደበቅ ያደረገውን ደንብ ያወጡት ሰዎች አይደሉም፤ ዳግመኛ ስምንት ወር የሚቆረጥባቸው እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ሲሎች ይህ ጽሑፍ እስከ ተባዛበት ቀን ድረስ በካርዱ ላይ አልሰፈሩም፤ ካርዱም ዜሮ ይላል።