ጨረሩን ማን ያየዋል?

በአማርኛችን «ፎቶግራፍ ተነሣሁ» እንደምንል ሁሉ «ራጅ ተነሣሁ» እንላለን። አባባሉ ትክክል ነው፤ ያለ ዐይን ምስል አይነሣምና። ይሁን እንጂ ስለ ሕክምና ጨረር ወሬ በተነሣ ቁጥር የሁሉም ጥያቄ ስለ ጨረሩ ብቻ ነው። ጎጂ ነው ወይ? በዓመት ስንት ጊዜ መነሣት ይፈቀዳል? ጨረሩ በሰውነት ውስጥ ካለፈ በኋላ ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠውን መሣሪያ፣ ማለትም ዲቴክተሩን፣ የሚያስታውሰው የለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ሕመምተኛው የሚቀበለው የጨረር መጠንም ሆነ ሐኪሙ የሚያገኘው የምስል ጥራት በእጅጉ የሚወሰነው በዚሁ በተረሳው ዕቃ ነው የሚል ነው። ከዚህም አልፎ የአገራችን የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች ሊሰማሩባቸው ከሚገቡ የምርምር ዘርፎች አንዱ ይኸው ነው።

ነገሩን በቀላል ስሌት እንመልከተው። ጨረር የሚደርሰው ፎቶን በተባሉ ቅንጣቶች መልክ ሲሆን፣ ፎቶኖች እንደ ዝናብ ጠብታ በዘፈቀደ ያርፋሉ። በአንዲት የምስል ነጥብ ላይ 10,000 ፎቶኖች ቢቆጠሩ መዋዠቁ የቁጥሩ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 100 ነው፤ 1 በመቶ መሆኑ ነው። አሁን ደግሞ ዲቴክተሩ ከሚደርሱት ፎቶኖች ሩቡን ብቻ የሚይዝ ይሁን። የሚቆጠሩት 2,500፣ መዋዠቁም 50 ይሆናል፤ ይህም 2 በመቶ ነው። ከጎረቤቱ ሥጋ በጥቂቱ ብቻ የሚለይ ዕጢ በዚህ ብዥታ ውስጥ ሊሰወር ይችላል። የቀድሞውን ጥራት ለመመለስ ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ጨረሩን 4 እጥፍ ማድረግ። ዲቴክተሩ ሳያይ ያሳለፈውን ሕመምተኛው በሰውነቱ ይከፍለዋል።

የዘርፉ ታሪክም ከዚህ አንጻር ሲታይ ሌላ መልክ ይይዛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሮንትገን በ1895 ኤክስሬይን ያገኘው በባርየም ፕላቲኖሳያናይድ የተቀባ ገጽ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያበራ አይቶ ነው፤ ስለሆነም የመጀመሪያው ግኝት ራሱ የዲቴክተር ወሬ ነበር። ተራ የፎቶግራፍ ፊልም ከሚያገኘው ኤክስሬይ የሚይዘው እጅግ ጥቂቱን በመሆኑ፣ ከፊልሙ ጋር ካልሲየም ተንግስቴት የተቀባ አብሪ ገጽ ማጣመር ከ1896 ጀምሮ ተለመደ። ይህ ማዕድን እስከ 1970ዎቹ ድረስ በሥራ ላይ መቆየቱ የሚያስገርም ነው።

ወደ ጋማ ካሜራ ስንሻገር ጉዳዩ ይበልጥ ይመራል። በዚህ ምርመራ የጨረሩ ምንጭ በሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት የሆነ ቴክኒሺየም 99ኤም። የሚወጣውን ጨረር የሚቀበለው ከታሊየም ጋር የተቀላቀለ የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ሲሆን፣ ይህንን ባሕርይውን ያገኘው ሮበርት ሆፍስታተር በ1948 ነበር። አንድ የቴክኒሺየም ጋማ ፎቶን ክሪስታሉን ሲመታ 5,000 ያህል የብርሃን ፎቶኖችን ይረጫል። ሃል አንገር በ1950ዎቹ መጨረሻ ከክሪስታሉ ጀርባ የብርሃን ማጉያ ቱቦዎችን ደርድሮ፣ የየቱቦውን ድርሻ በማነጻጸር ብልጭታው የት እንደተፈጠረ የሚያሰላ መሣሪያ ሠራ። እስከዚህ ድረስ ድንቅ ነው። ይሁንና ፎቶኑ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለማወቅ ከክሪስታሉ ፊት ኮሊሜተር የተባለ ወንፊት መሰል የእርሳስ ሰሌዳ መቆም አለበት። ይህ ሰሌዳ ከ10,000 ጋማ ፎቶኖች የሚያሳልፈው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው! የቀረው ሁሉ ሕመምተኛውን ለከንቱ ያለፈ ጨረር ነው። ፊዚክስ ያለቀለት ትምህርት የሚመስለው ተማሪ ካለ በዚህ ቁጥር ላይ ጥቂት ቢያስብ መልካም ነው።

ፔት በመባል የሚታወቀው ምርመራ ከዚህ ወንፊት ያመለጠው ፖዚትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ሲጠፋፋ ሁለት ፎቶኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚወጡ ነው፤ አቅጣጫውን ጥንዶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ሁለቱ የደረሱበት የጊዜ ልዩነት በ200 ፒኮሰከንድ ትክክለኛነት ቢለካ መነሻቸው በ3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይታወቃል። ዛሬ ተመራማሪዎች የሚመኙት 10 ፒኮሰከንድ ነው፤ ይህም 1.5 ሚሊ ሜትር ማለት ይሆናል። በሲቲ ስካን በኩል ደግሞ ኤክስሬይን መጀመሪያ ወደ ብርሃን ሳይለውጥ፣ እያንዳንዱን ፎቶን በካድሚየም ቴሉራይድ ውስጥ ቆጥሮ ኃይሉንም የሚመዝን የመጀመሪያው መሣሪያ በ2021 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቅዷል። ፎቶንን በዚህ መልክ የመቁጠሩ ጥበብ ከዳበረባቸው ቦታዎች አንዱ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከሉ ሰርን ነው።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ሠርተው ሲጨርሱ እንገዛዋለን» የሚሉ አሉ፤ ከእነዚህም መካከል የፊዚክስ መምህራን መኖራቸው ያሳዝናል። የሚገዛው ዕቃ የተነደፈው ግን ለሌላ አየር ነው። የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል እርጥበት ከነካው ይበላሻል፤ የክፍሉ ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጥቂት ዲግሪዎች በላይ ከተለዋወጠም ሊሰነጠቅ ይችላል። መብራት ጠፍቶ የአየር ማቀዝቀዣው በሚቆምበት አገር ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ የተሰነጠቀ ክሪስታል አይጠገንም፣ ይለወጣል እንጂ። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚጠይቁትን የድሮ ቱቦዎች እየተካ ያለው የሲሊከን ብርሃን ማጉያ ከ100 ቮልት በታች ይሠራል፤ ለእኛ የሚመች ይመስላል። እሱም ቢሆን ሙቀት በ8 ወይም በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የሐሰት ምልክቱ በእጥፍ ያድጋል። ሙቀትን፣ እርጥበትንና የመብራት መቆራረጥን የሚቋቋም ዲቴክተር እንዴት ይነደፋል? አየሩ የተስተካከለ ቤተ ሙከራ ያለው ተመራማሪ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ የሚያነሣበት ምክንያት የለውም። ጥያቄው ባለቤት ይፈልጋል፤ ባለቤቱም እኛ ነን ብዬ እከራከራለሁ።

አቅም የለንም ለሚለው መከራከሪያ የአህጉራችን ታሪክ መልስ አለው። አለን ኮርማክ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነበር (ዶክትሬት እንኳ አልነበረውም)። የግሩት ስኩር ሆስፒታል ፊዚሲስት ሥራ በመልቀቁ፣ በ1956 የመጀመሪያ አጋማሽ በሳምንት አንድ ቀን ተኩል እየሄደ የአይሶቶፖችን አጠቃቀም እንዲቆጣጠር ተጠየቀ። እዚያም የጨረር ሕክምና ሲታቀድ የሰው አካል ወጥ ቁስ እንደሆነ ተደርጎ መቆጠሩ አላስቻለውም። በ1957 በእንጨት የተከበበ የአሉሚኒየም ሲሊንደር አሠርቶ፣ በአንድ በኩል የኮባልት ምንጭ፣ በሌላ በኩል የጋይገር ቆጣሪ አቁሞ ለካ። ስሌቱ ከአሉሚኒየሙ መካከል ያልጠበቀውን ጥቂት ልዩነት አሳየው። ወደ ወርክሾፑ ሄዶ ቢጠይቅ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ጨረር የመምጠጥ አቅሙ ትንሽ ያነሰ ሌላ ዘንግ መኖሩን ነገሩት። ሳይከፍተው ውስጡን አይቶ ነበር! ጽሑፎቹን በ1963 እና በ1964 ሲያሳትም ከሞላ ጎደል ማንም ትኩረት አልሰጠውም፤ ከጠየቁት ጥቂቶች መካከል የበረዶ ናዳ የሚያጠና የስዊዘርላንድ ማዕከል ይገኝበታል። በ1979 ግን የሲቲ ስካንን መሣሪያ ከሠራው ከሃውንስፊልድ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

ክሪስታል እዚህ እናሳድግ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ውድ ምድጃና ረጅም ልምድ ይጠይቃል። ሌላው ግን ብዙ ነው። ጨረር በቁስ ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ የሚያስመስለው ጂያንት4 የተባለ ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ አንድ ደህና ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ አዲስ የኮሊሜተር ንድፍ ሳይሠራ ሊፈትን ይችላል። ለመለማመጃ የጨረር ምንጭ ማስፈቀድ ቢያስቸግር፣ ከሰማይ የሚዘንበው ሙዮን ፈቃድ አይጠይቅም፤ በባሕር ጠለል ላይ በካሬ ሴንቲ ሜትር በየደቂቃው አንድ ያህል ይወርዳል፤ በእኛ ደጋ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። አማካሪ ፍለጋ ወደ ቢሮዬ ከሚመጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ ግን ሌላ ፊዚክስ የሌለ ይመስል የጥቁር ጉድጓድ ርዕስ ይዘው ይመጣሉ። ጥቁር ጉድጓዱ ይቆይልን።

ለሚቀጥለው ዓመት አመልካቾች ርዕስ አለኝ። የጋማ ካሜራ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ በተቋሙ ፈቃድ፣ የሙቀትና የእርጥበት መመዝገቢያ ይቀመጥ። ከክረምት እስከ በጋ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ሙቀቱ በስንት ደቂቃ በስንት ዲግሪ እንደሚለወጥ ይመዝገብ። ከዚያም ያው ለውጥ በአነስተኛ ክሪስታልና በሲሊከን ማጉያ ላይ በትምህርት ክፍላችን ቤተ ሙከራ ይደገምና ምልክቱ ምን ያህል እንደሚዛባ ይለካ።