ከእርሳስ በፊት ጆሮ

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ነርሰሪ ልጅ ቦርሳ ብትከፍቱ ምን እንደምታገኙ ይታወቃል። የምሳ ዕቃ፣ ኮሚዩኒኬሽን ቡክ፣ ከዚያም ገጹ በሙሉ በ«ሀ» የተሞላ ደብተር። በመስመሩ መጀመሪያ ሚስ የጻፈችው አንድ «ሀ» አለ፤ የቀረውን ልጁ ይጻፈው ወይም እናቱ እጁን ይዛ ታጽፈው ለመለየት ያስቸግራል። ገና አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማታ እያንቀላፋ ያንን ገጽ ይጨርሳል። ወላጅም ደብተሩ ሲሞላ ልጄ ተማረልኝ ብሎ ይረካል። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚህ ዕድሜ ፊደል መገልበጥ ንባብ መማር አይደለም፤ እንዲያውም ለንባብ የሚያዘጋጀውን ሰዓት ይሻማበታል።

ንባብ የሚጀምረው ከጆሮ ነው። «ማር» እና «ማታ» አጀማመራቸው አንድ መሆኑን ጆሮው ላልያዘ ልጅ «ማ» ትርጉም የሌለው ሥዕል ነው፤ መቶ ጊዜ ቢስለው ያው ሥዕል ነው። ጆሮው የያዘው ግን ፊደሏን ሲያያት የሚያውቃት ድምፅ መልክ አግኝታ ትቆየዋለች። የእኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ ይመቻል። አንዱ ምልክት በአብዛኛው ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል፤ ሕፃናትም ነጠላ ድምፅን ነጥለው ከመስማታቸው በፊት ቃልን በጭብጨባ መከፋፈል ይችላሉ። «ዳ-ቦ» ሁለት ጭብጨባ፣ ሁለት ፊደል። በታክሲ ወረፋ ላይ ቆማችሁ «በማ የሚጀምር ማን ያመጣል?» ብትሉ ልጁ «ማንኪያ» ይላችኋል፤ የሚያውቀው ቃል ሲያልቅበት የራሱን ቃል መፍጠር ይጀምራል። ይህ ጨዋታ ሳንቲም አያስወጣም፤ ከደብተሩ ገጽ ግን የበለጠ ያስተምራል።

እዚህ ላይ «ማንኪያ»ን ልብ በሉልኝ። ጭብጨባው ሦስት ነው፣ ፊደሉ ግን አራት። «ን» ለብቻዋ አትጨበጨብም። «ሙዝ»ም አንድ ጭብጨባና ሁለት ፊደል ነው። ልጆቻችን ማንበብ ሲጀምሩ ከሚደናቀፉባቸው ነገሮች አንዱ እንደ «ን» እና «ዝ» ያለው ስድስተኛው ፊደል፣ ሳድስ ነው። አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፤ መልኩም ቢሆን እንደ ሌሎቹ በሥርዓት አይሄድም። ካዕብ በአብዛኛው ወገቡ ላይ ትንሽ ጭረት ይጨምራል፤ ሣልስ ጭረቱን እግሩ ሥር ያወርዳል፤ ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል። «ቡ»፣ «ሱ»፣ «ሙ»ን ጎን ለጎን ያየ የአምስት ዓመት ልጅ «ኩ»ን ማንም ሳይነግረው ሊያነብ ይችላል፤ «ሩ» እና «ፉ» ሲመጡ ብቻ ትንሽ ይገረማል። በሳድስ ግን «ብ»፣ «ስ»፣ «ን»፣ «ም» እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መንገድ ይዘዋል። አስተማሪ ጊዜ መስጠት ያለባት እዚህ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ እኩል አድርጎ ከላይ ወደ ታች ማስገልበጥ የልጁን ጉልበት ያለ ቦታው መጨረስ ነው።

ፊደልን መሸምደድ ማንበብ እንዳልሆነ የአብነት ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ሕፃኑ መጀመሪያ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ ፊደል ይቆጥራል። ያንን በዜማ ይዞ ገበታውን ሳያይ ማለት ሲጀምር የኔታ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። በአቡጊዳ ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው አብረው ይለወጣሉ፤ «አ» ግዕዝ፣ «ቡ» ካዕብ፣ «ጊ» ሣልስ፣ «ዳ» ራብዕ፣ «ሄ» ኃምስ፣ «ው» ሳድስ፣ «ዞ» ሳብዕ። የለመደው ዜማ እዚህ አያወጣውም፤ ማመልከቻው ስንደዶ ያረፈበትን ፊደል በእርግጥ አይቶ መለየት አለበት። ከዚያ ከዮሐንስ መልእክት በሚነበበው ፊደለ ሐዋርያ አድርጎ ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት ይዘልቃል። የድሮው ትምህርት ቤት ሁሉ ነገሩ ይመለስ አልልም፤ አለንጋው ይቅርልን። ነገር ግን ሸምድዶ መጥራትና አይቶ ማንበብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የገባቸው ሊቃውንት ነበሩን። ዛሬ ብዙ አፀደ ሕፃናት የሚቆሙት «ሀ ሁ»ው በዜማ ሲወጣ ነው። ልጁ ካባ ለብሶ ይመረቃል፤ ወላጅ ያጨበጭባል፤ መሐል ላይ አንድ ፊደል ነጥሎ «ይህ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ውጤቱ በኋላ ይታያል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች፣ በልጆቹ የመማሪያ ቋንቋ በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ለዚህ የተጨናነቀ ክፍልም፣ የመጽሐፍ እጥረትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ብዙዎቹ ልጆች ግን ፊደሉን የሚያገኙት ጆሯቸው ሳይዘጋጅለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጆሮን የሚያዘጋጀው ደግሞ ቤት ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልስ ልጅ ቃል ከሚናገረው በላይ ሊሸሽግ እንደሚችል ተምሯል። ተረት የሚሰማ ልጅ ደግሞ ታሪክ መነሻና መድረሻ እንዳለው፣ ጅቡ ያን ያደረገው በምክንያት እንደሆነ ይገባዋል። አያቱ መሐል ላይ ቆም ብለው «እስቲ ቀጥሎ ምን የሚመጣ ይመስልሃል?» ሲሉት፣ መምህራን በሥልጠና የሚማሩትን የንባብ ግንዛቤ ጥያቄ ነው የጠየቁት። እጁም ቢሆን ከእርሳስ በፊት ሌላ ሥራ አለው፤ ሊጥ ማድቦልቦል፣ ባቄላ መፈልፈል፣ ምስር መልቀም፣ ዱቄት በነሰነሱበት ትሪ ላይ በጣቱ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል መሳል። ከ«ሀ» ይልቅ በገዛ ስሙ ይጀምር፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወደው ቃል እሱ ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች በመካከላችን አሉ። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ወደ ቴሌቪዥን ስታመጣ ብዙ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ አንዲት የቀጭኔ አሻንጉሊት ግን በአማርኛ እያወራች ሕፃናትን ስታስተምር አገር አይቷል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው አሳስቧቸው፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ፣ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍት ለልጆች ሲደርሱ የታየውም በዚሁ ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ጥረት ግን ዛሬም በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። በአማርኛ ለአራት ዓመት ልጅ የሚሆን፣ ሥዕሉ ያማረ፣ በአንድ ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ያለው መጽሐፍ መደብር ገብታችሁ ፈልጉ፤ ምርጫችሁ ጠባብ ነው።

በዚህ ላይ የእንግሊዝኛው ጥድፊያ ተጨምሯል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን ሲወስን፣ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የተሻለ እንደሚማር በመገንዘብ፣ የብሔረሰቦችንም በቋንቋቸው የመጠቀም መብት በማክበር ነው። እኛ ግን ብዙ ከፍለን ልጁን ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያስቆጠርን፣ ቤት ሲመጣም በተሰባበረ እንግሊዝኛ እናወራዋለን። ቋንቋው የሳሳ ልጅ በየትኛውም ፊደል ሲያነብ ይቸገራል።

ስለዚህ እናንተ ወላጆች፣ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ስንት ገጽ እንደተጻፈ አትጠይቁ። በሳምንት ስንት ተረት እንደተነበበላቸው፣ ሚስ ታሪኩን ካነበበች በኋላ ምን እንደጠየቀቻቸው ጠይቁ። የትምህርት ቤት ባለቤቶችም፣ ወላጅ ስለሚፈልገው ነው እያላችሁ የአራት ዓመት ሕፃን ላይ የቤት ሥራ መጫን ይብቃችሁ፤ ለወላጁ ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው። በደብተሩ ወጪ ለእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት የሥዕል መጻሕፍት ግዙ፤ ልጆቹም መጻሕፍቱ እስኪያልቁ ድረስ ያገላብጧቸው።