‹‹ቀይ ነው ወይስ አረንጓዴ የሚበራው?››

ኢንተርኔት ተቋርጦበት ወደ ደንበኞች አገልግሎት የደወለ ሰው የመጀመሪያዋን ጥያቄ ያውቃታል። ‹‹ራውተሩ ላይ የትኛው መብራት ነው የሚበራው? ቀይ ነው ወይስ አረንጓዴ?›› ደዋዩ ዓይነ ስውር ከሆነ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። ‹‹እስኪ አጠገብዎ ያለ ሰው ይይልዎት›› ይባላል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ብቻውን ቤት ተቀምጦ፣ ዛሬ የሚዘጋ የሥራ ማመልከቻ እየሞላ ላለ ሰው አጠገቡ ማን አለ? ጎረቤት ሊያንኳኳ ነው።

የሚያይ ሰው ኮምፒውተሩ ሲዘገይበት የምትሽከረከረዋን ክብ እያየ ይጠብቃል። ይናደድ ይሆናል እንጂ ማሽኑ እየሠራ መሆኑ አይጠፋውም። በስክሪን ሪደር የሚሠራ ሰው የሚያገኘው ግን ዝምታ ነው። ዋይፋዩ ቢቋረጥም፣ ራሙ ቢሞላም፣ ገጹ ገና እየተከፈተ ቢሆንም፣ ስክሪን ሪደሩ ራሱ ስታክ ቢያደርግም ያው ዝም ነው። ኮምፒውተሩ ያልተቀበለው መስሎት ‹‹ኢንተር››ን ደግሞ ይጫናል። ማሽኑ ሲነቃ ሁለቱንም ይፈጽማል። ክፍያ እየላከ ከነበረ እንግዲህ አስቡት።

ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች ዝምታውን የሚፈትሹበት ዘዴ አላቸው። ኤንቪዲኤ የሚባለውንና በነጻ የሚገኘውን ስክሪን ሪደር እንውሰድ (እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ ራሱ ዓይነ ስውር ነው)። ኢንሰርትና ኤፍ12 አብረው ሲጫኑ ኤንቪዲኤ ሰዓት ይናገራል። ሰዓቱን ወዲያው ከተናገረ ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ የዘገየው ገጹ ወይም ኔትወርኩ ነው ማለት ነው። ሰዓቱም ከዘገየ ጥፋቱ ማሽኑ ውስጥ ነው፤ ያኔ ታስክ ማናጀር ተከፍቶ ራሙን ማን እንደበላው ይታያል። አንዳንዴ ደግሞ ኮምፒውተሩም ኔትወርኩም ንጹሕ ናቸው፤ ድምፁን የሚያዘገየው የብሉቱዝ ማዳመጫው ነው። ባለ ገመድ ሲሰካ ‹‹በሽታው›› በአንድ ጊዜ ይድናል።

ኔትወርኩም ቢሆን ያለ መብራት ቀለም ይመረመራል። ዊንዶውስ ላይ ባለው ኮማንድ ፕሮምፕት ሁለት ሦስት ቃል ሲጻፍ የዋይፋዩ ሲግናል ስንት በመቶ እንደሆነ በጽሑፍ ይመጣል። ጽሑፍ ከሆነ ስክሪን ሪደሩ ያነበዋል። ከዚያ ፒንግ ማድረግ ነው። ራውተሩ በጥቂት ሚሊሰከንድ እየመለሰ የውጭው አድራሻ ዝም ካለ፣ ችግሩ ከቤት ውጭ ያለው መስመር ላይ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ራውተሩ ራሱ እየተንቀራፈፈ ከመለሰ ደግሞ ላፕቶፑን ወደ ራውተሩ አስጠግቶ እንደገና መሞከር ነው። እንዲያውም ይህ መልስ ከመብራቱ ቀለም የበለጠ ይናገራል።

የጥገናው ቤት ከስልኩ ይብሳል። ‹‹ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈብኝ›› ብሎ የሰጠ ዓይነ ስውር ላፕቶፑን ሲቀበል ሊፈጥን ይችላል፤ ግን ዲዳ ሆኖ ነው የሚቀበለው። ባለሙያው ፎርማት አድርጎታል፤ ወይም ሲከፈት አብሮ የሚነሣውን ስክሪን ሪደር ‹‹አላስፈላጊ ፕሮግራም›› ብሎ አጥፍቶታል። ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኢንተር አብረው ሲጫኑ የዛሬው ዊንዶውስ ናሬተር የሚባለውን የራሱን አንባቢ እንደሚያስነሣ ቢያውቅ ኖሮ ቢያንስ ደንበኛውን በድምፅ ይሸኘው ነበር። ይህን ለመማር አምስት ደቂቃ ይበቃል።

የጥሪ ማዕከል ሠራተኛው ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ግን ልክ አይደለም። እሱ የተሰጠውን የጥያቄ ዝርዝር ነው የሚያነበው። መጠየቅ ያለበት ዝርዝሩን ያወጣው አካል ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን ጨምሮ የመረጃና የመገናኛ አገልግሎት ተደራሽ እንዲሆን ያስገድዳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ‹‹ዲጂታል ኢትዮጵያ›› እየተባለ ክፍያውም ማመልከቻውም ወደ ኢንተርኔት ሲገባ ይህ ሕግ አብሮ አልገባም። አገልግሎት ሰጪው ድረ ገጹን ተደራሽ አድርጌያለሁ ቢል እንኳ፣ መስመሩ በተቋረጠ ቀን የሚደወልለት ስልክ ዓይን ይጠይቃል።

የሚፈለገው አዲስ በጀትም አዲስ መምሪያም አይደለም። ከመብራቱ ጥያቄ በፊት ‹‹ስክሪን ሪደር ነው የሚጠቀሙት?›› የሚል አንድ መስመር፣ ከሥሩም የፒንግና የሲግናሉ ትእዛዝ። ደዋዩ ‹‹ሲግናሉ 38 በመቶ ይላል›› ብሎ ይመልሳል፤ ሠራተኛውም ሥራውን ይቀጥላል።