መዘምራኑ ከስፍራቸው እንዳይነሡ



በዚህ የትንሣኤ በዓል የጥንቱን የእስራኤልን ፋሲካ ማስታወስ ተገቢ ነው። በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልዕ ምዕራፍ 35 እንደተጻፈው ንጉሥ ኢዮስያስ በነገሠ በ18ኛው ዓመት በኢየሩሳሌም ታላቅ ፋሲካ ባደረገ ጊዜ፣ ከገዛ ሀብቱ 30,000 በግና ፍየል እንዲሁም 3,000 በሬ ለሕዝቡ ሰጠ። የቤተ መቅደሱ አለቆች ኬልቅያስ፣ ዘካርያስና ይሒኤል ለካህናቱ 2,600 በግና ፍየል፣ 300 በሬ ለገሱ። የሌዋውያን አለቆችም ለወገኖቻቸው 5,000 በግና ፍየል፣ 500 በሬ ጨመሩ።

ከቁጥሩ ይልቅ የልግስናው ፍሬ ልብ ይነካል። የአሳፍ ልጆች መዘምራኑ በየስፍራቸው ቆመው ነበር፤ በረኞቹም ከየበራቸው አልራቁም። ወንድሞቻቸው ሌዋውያን ድርሻቸውን አዘጋጅተውላቸው ነበርና። የአለቆቹ ስጦታ አምልኮው ሳይቋረጥ እንዲፈጸም አደረገ ማለት ነው።

የእኛስ መዘምራን በስፍራቸው ናቸውን? በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራውን ይህን ዜማ ለማስመስከር ከስማዳና ከእስቴ ብቻ ሳይሆን ከሩቅ አገርም ደቀ መዛሙርት ይመጡባታል። ይሁን እንጂ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ቁራሽ ፍለጋ ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞር የኖረ ነው። ይኸውም ከጥናቱ ስፍራ መነሣቱ ነው።

ቁራሹን የሚሰጠውስ ማን ነው? ድርቅ ደጋግሞ የጎዳው የጋይንትና የስማዳ ገበሬ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አድባራትና ገዳማት አገልጋዮቻቸውን ይደጉሙበት የነበረውን ርስትና ጉልት ካስቀረ ወዲህ ሸክሙ ይበልጥ በእርሱ ትከሻ ላይ ወድቋል። ያለውን ቆርሶ ለተማሪ የሚያካፍለውን ይህን ገበሬ እናመሰግናለን፤ ነገር ግን ከሁሉ በፊት መስጠት የሚገባው እርሱ አልነበረም።

ልመናው ተማሪውን ትሕትና ያስተምረዋል የሚሉ አሉ። እኛ ግን ትሕትና ከመምህሩ እግር ሥር እንጂ ከረሀብ ብቻ ይገኛል ብለን አናምንም። በልመና የሚያልፈው ሰዓት ሁሉ ከድጓው ላይ የሚቀነስ ነው።

ስለዚህ አለቆችና አስተዳዳሪዎች፣ በተለይም ገቢያቸው የተሻለ የከተማ አድባራት ኃላፊዎች፣ ምእመናንን ስጡ ከማለታቸው አስቀድሞ ከራሳቸው ድርሻ ለጉባኤ ቤቶች እህል፣ ለመሪጌቶችም መተዳደሪያ ይመድቡ ዘንድ እናሳስባለን። የደብርን ሕንፃ ማሳመር መልካም ነው፤ ሆኖም በውስጡ የሚያዜም ሊቅ ካልተገኘ ሕንፃው ባዶውን ይቀራል። መሪው ቀድሞ ሲሰጥ ሕዝቡ እንደሚከተል አንጠራጠርም።