መሰንጠቂያው በማን እጅ ይሁን?

በአገራችን ስለ ደን የሚጻፈው ሐተታ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያተኩረው በመትከልና ባለመቁረጥ ላይ ነው። ተተክሎ ያደገው ዛፍ በተቆረጠ ጊዜ ማን እንደሚሰነጥቀው፣ ማን እንደሚሸጠውና ከሽያጩም ለማን ምን እንደሚደርስ የሚመረምር ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም። ዝምታው እንዲያው የመጣ አይደለም። ዛፍን የተፈጥሮ ጌጥ ብቻ አድርጎ የሚመለከት አስተሳሰብ፣ ባሕር ዛፍ በገበሬው ጉልበት የተገኘ ምርት መሆኑን ስለሚዘነጋ ነው። እኛም እዚህ የምናነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ወደ ማሳው ድረስ ሊሄድ የሚችለው ተንቀሳቃሽ የእንጨት መሰንጠቂያ በማን እጅ ሊሆን ይገባዋል?

ጥያቄው በኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደለም። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1842 በጋዜጣ አዘጋጅነት ይሠራ በነበረበት ወቅት፣ የራይን አውራጃ ምክር ቤት ከጫካ የወደቀ ጭራሮ መልቀምን ስርቆት ለማድረግ ባነሣው ሕግ ላይ ተከታታይ ትችት ጽፎ ነበር። ወደ ኢኮኖሚ ጥናት ፊቱን እንዲያዞር ካነሣሡት ጉዳዮች አንዱ ይህ መሆኑንም እ.ኤ.አ. በ1859 ራሱ ገልጿል። እንጨት በንብረት ላይ የቆመውን ግንኙነት እርቃኑን ያሳያል። ከእንጦጦ ኮረብታ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ከጥበቃ ሠራተኛው ጋር ሲያፋጥጥ የኖረው ጉዳይም ከዚህ የራቀ አይደለም።

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ የቆመችው በባሕር ዛፍ ነው። በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመንጥሮ በማለቁ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዋና ከተማቸውን በምዕራብ አቅጣጫ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገውና ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጠው ዛፍ ሲስፋፋ ከተማዪቱ ባለችበት ጸናች። ወደ አዲስ ዓለምና ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ዛሬም በኮልፌ ቀራንዮ በሳንሱሲ በኩል ያልፋል። (የቦታው ስም በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል። እንጨቱን አሳድጎ ለሚሸጠው ገበሬ ግን የዚህ መንገድ ጉዞ ያለ ሐሳብ የሚጓዙት አይደለም።)

የንግዱን ሂደት እንመልከት። ገበሬው ባሕር ዛፉን በአብዛኛው የሚሸጠው በቁሙ ነው፤ ይኸውም ነጋዴው ቦታውን በዓይኑ ገምቶ ዋጋ ይቆርጣል፤ ቆራጭ፣ ጫኝና መኪና የሚያመጣውም እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ፣ መቁረጡ፣ ማጓጓዙ፣ መለየቱ፣ መሰንጠቁና መቸርቸሩ፣ ከገበሬው እጅ ውጭ ይፈጸማል። ግንዱ ጣውላና ሞራሌ ሆኖ የዋጋው እጥፍ የሚጨመረው መሰንጠቂያው ባለበት ሥፍራ ስለሆነ፣ የጭማሪው ባለቤት የማሽኑ ባለቤት ነው። እዚህ ላይ ደላላንና ነጋዴን መርገም የተለመደ ነው፤ እርግማን ግን ትንተና አይደለም። ነጋዴው መኪና ይከራያል፣ የይለፍ ፈቃድ ያወጣል፣ ኬላ ላይ ይጉላላል፣ እንጨቱ ሳይሸጥ ቢቀር ኪሳራውን ይሸከማል። ችግሩ የነጋዴው ክፋት ሳይሆን፣ አምራቹ ከማምረቻ መሣሪያው ተለይቶ መኖሩ ነው።

ተንቀሳቃሹ መሰንጠቂያ ይህን መለያየት ሊያጠብ የሚችለው በምን ምክንያት ነው? መልሱ በቁሳዊው ሂደት ውስጥ ይገኛል። ባለ ቀጭን ሪባን መጋዝ የሆነው ዓይነት በሁለት ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ ግንዱ ባለበት ቆሞ መጋዙ ይጓዛል። በአነስተኛ የቤንዚን ሞተር ይሠራል፤ በመኪና ተጎትቶም ወደ ጫካው ዳር ይደርሳል። ምላጩ በየቁርጡ የሚበላው እንጨት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ክብ መጋዝ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ የሞተር ሰንሰለት መጋዝ ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበላል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ከንቱ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ይናገራል። 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የተስተካከለ ግንድ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ባላቸው ጣውላዎች ሲሰነጠቅ፣ በሪባን መጋዝ 9፣ በክብ መጋዝ 8፣ በሰንሰለት መጋዝ 7 ጣውላ ይገኛል። ከዘጠኙ ሁለቱ ሰጋቱራ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የባሕር ዛፍ ጠባይ ነው። ዛፉ ሲያድግ በውስጡ ከፍተኛ ውጥረት ያከማቻል፤ ሲቆረጥ ውጥረቱ ይለቀቅና ግንዱ ከጫፉ ይሰነጠቃል፣ ጣውላውም ይጎብጣል። ቆይቶና ደርቆ ወደ ከተማ የደረሰ ግንድ ግማሽ ዋጋውን በመንገድ ላይ አጥቷል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከተቆረጠ በኋላ ሳይዘገይ መሰንጠቅ፣ ከአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን ግንዱን እያገላበጡ ከሁለቱም ወገን መቁረጥ፣ የግንዱን ጫፍ በቀለም ወይም በሰም መቀባት፣ ጣውላውንም ጥላ ሥር በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ ደርድሮ ከላይ ክብደት መጫን ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሥራ የሚከናወነው ከማሳው አጠገብ ነው። በተጨማሪም እርጥብ ግንድ ብዙ ውሃ ያዘለ በመሆኑ፣ በጭነት መኪና ውሃና ልጣጭ ከማጓጓዝ ጣውላ ማጓጓዝ እንደሚሻል ግልጽ ነው። ልጣጩም ለመንደሩ ማገዶ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ከሆነ ማሽኑ ለምን አልተስፋፋም? አንዳንዶች የገንዘብ እጥረትን ያነሣሉ፤ እውነት ነው፤ ሆኖም ዋናው ቅራኔ ሌላ ነው። የሚሰነጠቅ ግንድ የለም። በከተማው ዙሪያ ያለው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ዕድሜው ለአጣና፣ ለማገርና ለፍልጥ ይቆረጣል፤ ለጣውላ የሚሆን ግንድ ግን 15 ዓመትና ከዚያ በላይ መቆየትን ይጠይቃል። ገበሬው የማይጠብቀው አላዋቂ በመሆኑ አይደለም። ከተማ ወደ ማሳው እየገሰገሰ ባለበት አካባቢ፣ የዛሬ 15 ዓመት ቦታው በእጁ እንደሚሆን ዋስትና የሌለው ሰው ዛሬ ቆርጦ ቢሸጥ ያሰላው በትክክል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ሲያደርግ፣ በጉልበት ወይም በገንዘብ በመሬት ላይ ለሚደረግ ቋሚ መሻሻል ግን ሙሉ መብት ይሰጣል። እየወፈረ ያለ ግንድ የጉልበት ፍሬ ነውና፣ ካሳው ዛሬ በአጣና ዋጋ ሳይሆን ነገ ሊሆን በሚችለው የጣውላ ዋጋ ቢታሰብ፣ ገበሬው የመጠበቅ ምክንያት ያገኛል ብለን እናምናለን።

የባለቤትነት ስሜት ሲጠፋ የሚሆነውን ታሪካችን አሳይቶናል። በ1970ዎቹ በዘመቻና በግዳጅ ጉልበት የተተከሉ በርካታ የጋራ ደኖች፣ በ1983 የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ለመትከል በወጣው ሕዝብ እጅ ተጨፍጭፈዋል። በ2011 የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ችግኝ ተከላም የሚመዘነው፣ ዛፉ ሲደርስ የማን እንደሚሆን ከወዲሁ በሚሰጠው መልስ ነው። በ2010 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግለሰብን፣ የማኅበረሰብን፣ የማኅበራትንና የመንግሥትን ደን ለይቶ ማወቁ ጥሩ መነሻ ነው።

አደጋውንም መሸፈን አይገባም። ተንቀሳቃሽ ማሽን ወደ ባሕር ዛፉ እንደሚሄድ ሁሉ ወደ ተፈጥሮ ደንም ሊገባ ይችላል። የ1986ቱ አዋጅ ቁጥር 94 ጥድን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ቀላል መሰንጠቂያ በሌሊት የሚፈልገው እነዚህኑ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ተመዝግቦ፣ የሚሠራበት ቀበሌ ታውቆ፣ ተጠሪ ያለው መሆን አለበት።

ከውጭ አገር ልምድ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ጎልቶ ይታያል። የዚያ አገር ባለ መንደሮች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደናቸውን ለውጭ ቆራጭ ኩባንያዎች ከማስረከብ ይልቅ «የሚራመድ መሰንጠቂያ» የሚሏትን ትንሽ ማሽን እየገዙ ራሳቸው መሰንጠቅ ጀመሩ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን መለዋወጫ ሲታጣ፣ ምላጭ የሚስል ሠራተኛ ሲጠፋና ገበያ ሲርቅ ብዙዎቹ ማሽኖች ቆሙ። የማምረቻ መሣሪያን በእጅ ማድረግ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የሚጠግነውና የሚሸጠው ድርጅትም ሊኖር ይገባል።

በመሆኑም በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የሚቋቋም የእንጨት አምራቾች ማኅበር፣ ማሽን ከመግዛቱ በፊት ሁለት ወጣቶችን በምላጭ መሳልና መወጠር ማሠልጠን አለበት። በከተማዪቱ ምዕራባዊ በር፣ ሳንሱሲ ወይም ከዚያ ወዲህ፣ ጣውላው የሚደርቅበት፣ በውፍረትና በጥራት የሚለይበት፣ በሜትር ኪዩብ ተለክቶ የሚሸጥበት ጥላ ያለው ግቢ ያስፈልጋል። የሕንፃ መወጣጫ ከአጣና ወደ ብረት እየተሸጋገረ በሄደ ቁጥር የአጣናው ገበያ መጥበቡ ስለማይቀር፣ ይህ ዝግጅት ለነገ የሚተው አይደለም። የይለፍ ፈቃዱም ለነጋዴው መኪና ብቻ ሳይሆን ለማኅበሩ ጣውላ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን የሚሰጥ መሆን ይኖርበታል፤ እርጥብ ጣውላ ቢሮክራሲን አይጠብቅም።